ሰንጢ ሰው ፊት ሲከፈት

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላ ነው። በብዙ አገር ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከቁልፋቸውና ከስልካቸው ጋር ሰንጢ ኪሳቸው የሚከቱ ሰዎች አሉ። ካርቶን ይከፍቱበታል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይልጡበታል፣ ገመድ ይቆርጡበታል፣ ብርቱካን ይልጡበታል፤ ለእነሱ ከካቻቢቴ የተለየ ነገር አይደለም። ሰንጢ ይዞ ለማያውቀው ብዙ ሰው ግን ያው ዕቃ ቢሮ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ወይም ግብዣ መሐል ከኪስ ሲወጣ ጨዋታ ያቋርጣል። አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል። ሌላው «ይሄን ለምን ትይዛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ዓይኑን ከስለቱ ላይ መንቀል ያቅተዋል። «እስቲ ልየው» ብለው እጃቸውን የሚዘረጉም አይጠፉም።

ምላሹ ከሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ከአገር አገርና ከዘመን ዘመንም ይለያያል። የስለቱ ርዝመትና ስለቱ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት በዚህ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከሚገመተው በታች ነው። ዋናው ነገር ተመልካቹ «ይህ ሰው ይህን ዕቃ እዚህ ምን ሊያደርግበት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ወዲያው መልስ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ነው። መልሱ ፊት ለፊት ሲታይ ትልቅ ካራም አያስደነግጥም፤ ሲጠፋ ግን ጣት የምታህል ሰንጢም ክፍሉን ጸጥ ታሰኛለች።

ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ የኢትዮጵያ ሥጋ ቤት ነው። ቁርጥ በሚበላበት ጠረጴዛ ዙሪያ አራትና አምስት ሰው እያንዳንዱ የተሳለ ቢላ ይዞ ይቀመጣል። ሥጋውን በአንድ እጁ ይዞ ከከንፈሩ ጥግ ሥር ይቆርጣል፤ ስለቱ በጎረቤቱ ትከሻ አጠገብ ይመላለሳል። ሳቁ፣ ክርክሩ፣ አንዳንዴም መጠጡ አብሮ አለ። ሆኖም በዚያ ጠረጴዛ ቢላ ፈርቶ የሚነሣ ሰው የለም፤ ሽንጡና ዳቢቱ፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው የቢላውን ሥራ አስቀድመው ተናግረዋል። ከእነዚህ በላተኞች አንዱ ከዚያ ቢላ ሩቡን እንኳ የማይሞላ ሰንጢ ታክሲ ውስጥ ከኪሱ ቢያወጣ ግን አጠገቡ ያለው ተሳፋሪ ቦርሳውን ያቅፋል። በከተማ ሰንጢ ስሙ ከኪስ አውላቂና ከዱርዬ ጋር ሲነሣ ኖሯል፤ ተሳፋሪው ያንን ሁሉ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። በበዓላትና በታላላቅ ስብሰባዎች መግቢያ ላይ ፖሊስ ስለት ያላቸውን ነገሮች ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ደጋግሞ ስለሚያሳስብም፣ በሕዝብ መሐል የታየ ስለት ገና ከመጀመሪያው የተከለከለ ነገር መስሎ ይታያል። በአንጻሩ በአፋር ጊሌ የሚባለው ቆልማማ ጩቤ በወንድ ወገብ ላይ ሲታይ የአገሬው ሰው ሁለተኛ ዞሮ አያየውም። በኦማንም ኻንጀር የሚባለው ጩቤ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተሥሏል፤ ወንዶች በሠርግና በበዓል ቀን በጌጥ ቀበቶ ይታጠቁታል። እዚያ ሄደው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ሙሽራ ጩቤ ታጥቆ ማየት ብዙም ሳይቆይ ይለምዳሉ።

የቦታ ጉዳይ እንዲህ ዋና ቢሆንም ዓይን የራሱ ድርሻ አለው። በሃርቫርድ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የነበሩት ሞሼ ባርና ማይታል ኔታ በ2006 ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰዎች ከሁለት አንድ ዓይነት ዕቃዎች ጠርዙ ክብ የሆነውን ሹል ጠርዝ ካለው አብልጠው እንደሚወዱ አሳይተዋል። በዓመቱ ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ሹል ጠርዝ ያላቸው ዕቃዎች ሲታዩ አሚግዳላ የተባለው፣ አደጋን በማሽተት የሚታወቀው የአንጎል ክፍል የበለጠ እንደሚነቃ ጠቁመዋል። እነዚያ ተራ የመገልገያ ዕቃዎች ነበሩ። ጫፉ የሾለ ስለት ሲሆን ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ በፊት በ1987 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ባልደረቦቿ በምግብ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ነገር በተከታታይ ሥዕሎች ለተማሪዎች አሳይተው ነበር። በአንደኛው ቅጂ ደንበኛው ለገንዘብ ተቀባይዋ ቼክ ይሰጣል፤ በሌላው ሽጉጥ ይደግንባታል። የተመልካቾቹ የዓይን እንቅስቃሴ ሲለካ ሽጉጡን ያዩት ከቼኩ ይልቅ ብዙ ጊዜና ረዘም ላለ ቆይታ ሆኖ ተገኘ፤ በኋላ ስለ ሰውየው ሲጠየቁም መልኩ የተሻለ የታወሳቸው ቼክ ያዩት ነበሩ። ዓይን መሣሪያው ላይ ሲተከል የያዘው ሰው ይደበዝዛል። ሰንጢ ሲያዩ የሚፈዙ ሰዎች ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፤ የባልደረባቸውን ፊት፣ በእጁ ያለውን ካርቶን፣ ንግግሩን ሁሉ ትተው ስለቱን ብቻ ያያሉ።

ኬሪ ፒክል የተባለች ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራቻቸው ሙከራዎች ይህን ግኝት አንድ እርምጃ ወስደውታል። በአንዱ ሙከራ ወደ ፀጉር ቤት የገባው ሰው በእጁ የያዘው ነገር ይለዋወጣል፦ አንዴ መቀስ፣ አንዴ ሽጉጥ፣ አንዴ የኪስ ቦርሳ፣ አንዴ ጥሬ ዶሮ። የተመልካቾችን ትዝታ ያዛቡት ለቦታው እንግዳ የሆኑት ነገሮች ነበሩ፤ ጥሬ ዶሮው እንደ ሽጉጡ ዓይን ሲስብ መቀሱ በፀጉር ቤት ያለ ቦታው ስላልሆነ ማንንም አላናወጠም። በሌላ ሙከራ ሽጉጥ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሲታይ በትዝታ ላይ ያሳደረው ጫና በቤዝቦል ሜዳ ሲታይ ካሳደረው ያነሰ ሆነ። የሰውን ትኩረት የሚነጥቀው ከአደገኛነቱ ይልቅ ያልተጠበቀ መሆኑ ነው የሚለው የፒክል መደምደሚያ ሰንጢን በተመለከተ ብዙ ነገር ይፈታል። አናጺ ሰንጢ ሲያወጣ የሚሳቀቅ የለም። ሒሳብ ሠራተኛ ሲያወጣ ግን የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና ይላል።

ቅርጹና አከፋፈቱም ይቆጠራል። በሁለት እጅ፣ ስለቱ ላይ ባለችው ስንጥቅ ጥፍር አስገብቶ ቀስ ብሎ የሚከፈት ሰንጢ ለተመልካች ጊዜ ይሰጣል፤ ሰውየው ምን እያደረገ እንዳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል። በአንድ እጅ አውራ ጣት «ቀጭ» ብሎ የሚከፈተው ግን በአንድ ድምፅ ከኪስ ወደ ስለት ይለወጣል። ይህ ዓይነቱ በሰፊው የተለመደው ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ደግሞ የኪስ ማንጠልጠያ ያለው ሰንጢ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። ማንጠልጠያው ለባለቤቱ ይመቻል፤ ሰንጢው ኪስ ግርጌ አይጠፋም። ግን ከኪስ ጠርዝ ላይ ብቅ ስለሚል ድሮ ሳይታይ የኖረውን ዕቃ ለሰው ሁሉ ዓይን አወጣው። ጥቁር ቀለም፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ስለትና ወታደራዊ መልክ ሲጨመሩበት ሰንጢው ሥራውን ከመናገር ይልቅ ጠብ የሚፈልግ ይመስላል። የስዊሶቹ ቀይ ሰንጢ ተቃራኒው ነው። መነሻው የጦር ሠራዊት ቢሆንም መቀሱ፣ የጠርሙስ መክፈቻው፣ የቡሽ መንቀያውና ትንሿ ወረንጦ ከስለቱ ጋር ስለሚታዩ የሚያየው ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ስንት ነገር አለው!» ነው።

ጀርመን ይህን የብዙ ሰው ስሜት ወደ ሕግ ቀይራዋለች። በ2008 የተሻሻለው የጦር መሣሪያ ሕጓ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍን ሰንጢ፣ ስለቱ ቢያጥርም ቢረዝም፣ ያለ ተቀባይነት ያለው ምክንያት በአደባባይ መያዝን ይከለክላል፤ በሁለት እጅ የሚከፈተውን ግን በዚሁ አንቀጽ አይነካውም። በዚህ የተነሣ የስዊስ ጦር ከ2009 ጀምሮ ለወታደሮቹ ያደለው በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ ድንበር ተሻግሮ በሲቪል ኪስ ሲገባ ከክልከላው ሥር ይወድቃል። ሕጉ የተመለከተው የእጅን እንቅስቃሴ ነው። ሰው የሚፈራውም እሱኑ ስለሆነ ሕግ አውጪዎቹ የሕዝቡን ስሜት በትክክል አንብበዋል ማለት ይቻላል።

ስሜቱ ራሱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊሠራ እንደሚችል የአሜሪካ ታሪክ ያሳያል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ ገጠር ለወንድ ልጅ ሰንጢ መስጠት የአባትና የአያት ወግ ነበር፤ ልጁ ማደጉንና መታመኑን የሚያሳይ ስጦታ። በ1950 አንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ቁልፍ ሲጫኑት ስለቱ ተወርውሮ የሚወጣውን ሰንጢ የሚገድል መጫወቻ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ አወጣ። የወጣት ወንጀለኞች ፍርሃት በተስፋፋበት በዚያ ዐሥር ዓመት ዕቃው የሠፈር ቡድኖች ምልክት ሆነ። ሲኒማውም አልቦዘነም፦ በ1955 ጄምስ ዲን በተወነበት «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ወጣቶች በዚሁ ሰንጢ ይፋለማሉ፤ በ1957 በወጣው «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የአንድ ልጅ ሕይወት በዚሁ ሰንጢ ላይ ይንጠለጠላል። በ1958 የአሜሪካ ምክር ቤት እነዚህ ሰንጢዎች ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለንግድ እንዳይዘዋወሩ ከለከለ፤ ብሪታንያም በዓመቱ ማምረቱንና መሸጡን አገደች። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሰንጢ በእጁ ነክቶ የማያውቀው ሰው «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ከፊልም ያውቀዋል፤ ሲሰማው የሚጠብቀውም ጠብን ነው።

የፍርሃቱን ዋጋ ማን እንደከፈለ ደግሞ ኒው ዮርክ አሳይታለች። የክፍለ ግዛቷ ሕግ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በስበት ወይም በውርወራ ኃይል ተከፍቶ የሚቆለፍን ሰንጢ መያዝ ወንጀል አድርጎ ነበር። ፖሊስ ሰንጢውን በእጅ አንጓ ሲያወዛውዘው ከተከፈተ ክልክል ነው ይል ስለነበር በከተማዋ የመገልገያ ዕቃ መደብሮች በግልጽ የሚሸጡ ተራ የሥራ ሰንጢዎችም በዚህ መለኪያ ወደቁ። የተያዙት የመጋዘን ሠራተኞች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ መድረክ አዘጋጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጥቁሮችና ላቲኖዎች እንደነበሩ ተከላካይ ጠበቆች ለዓመታት ሲያሳዩ ቆይተዋል። በመጋቢት 2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት የመለኪያው ግልጽነት ማጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ በግንቦት መጨረሻ ክልከላው ተሻረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። «ይህን ምን ሊያደርግበት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ተመልካች የሚሰጠው መልስ ከሰንጢው ብቻ አይመጣም፤ ከያዘው ሰው ቆዳ፣ ዕድሜና ልብስም ይመጣል። ሽበት ያለው ነጭ ዓሣ አጥማጅ እጅ ላይ መገልገያ የሆነው ዕቃ ኮፍያ የደፋ ጥቁር ወጣት እጅ ላይ ማስረጃ ይሆናል። በዋሽንግተን፣ በለንደንና በቴል አቪቭ ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ልዩነት ቀላል አድርገው ሊያዩት አይገባም፤ ልጁ በሥራ ቦታው የሚጠቀምበት ሰንጢ ከሥራ ሰዓት ውጭ ኪሱ ሲገኝ ሌላ ታሪክ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጃፓንም የራሷ ታሪክ አላት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በህዮጎ አውራጃ በምትገኘው ሚኪ ከተማ የሚሠራው ሂጎኖካሚ የተባለ ቀላል ሰንጢ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተማሪ ዕቃ ነበር። ልጆች የኢትዮጵያ ተማሪ በምላጭ እንደሚያደርገው እርሳስ ይቀርጹበት ነበር፤ ከቀርከሃም መጫወቻ ይሠሩበታል። በጥቅምት 1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢኔጂሮ አሳኑማ በንግግር መድረክ ላይ ሳሉ በአንድ የ17 ዓመት ወጣት በሰይፍ ተገደሉ፤ ግድያው በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚጠይቅ ዘመቻ በአገሪቱ ተስፋፋ፣ ሰንጢም ከተማሪ ቦርሳ ወጣ፣ የእርሳስ መቅረጫ ማሽን ቦታውን ያዘ። ገዳዩ የተጠቀመበት ሰይፍ ሆኖ ሳለ የተወገዘው የእርሳስ መቅረጫው ሰንጢ መሆኑ ድንጋጤ በአንድ ዕቃ ላይ ተነሥቶ ወደ ዘመዶቹ ሁሉ እንደሚዛመት ያስረዳል። ያ ለውጥ ሲመጣ የተወለዱ ጃፓናውያን ዛሬ አያት ሆነዋል፤ ወላጆቻቸው ሳያስቡት ለልጅ ይሰጡት የነበረው ሰንጢ ለእነሱ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

በአየር ጉዞ ላይ ያለው ለውጥ ደግሞ በአንድ ቀን የመጣ ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 በፊት በአሜሪካ በረራዎች ስለቱ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ሰንጢ ይዞ መሳፈር ይቻል ነበር። በዚያ ቀን አውሮፕላኖችን የጠለፉት ሰዎች ትንንሽ ስለቶችን ከተጠቀሙ በኋላ ሁሉም ተከለከሉ። በ2005 መጨረሻ አጫጭር መቀሶች ወደ ካቢን እንዲገቡ ሲፈቀድ ተቃውሞ ቢነሣም ውሳኔው ጸና። በመጋቢት 2013 ግን የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩ ኃላፊ ጆን ፒስቶል ስለታቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ሰንጢዎችም ይፈቀዳሉ ሲሉ አገር ተናወጠ። የእሳቸው መከራከሪያ የአብራሪዎች ክፍል በር ከ2001 ወዲህ ስለተጠናከረ እንዲህ ያለ ሰንጢ አውሮፕላን ሊጥል አይችልም፤ ፈታሾች ጊዜያቸውን ፈንጂ ፍለጋ ላይ ያውሉት የሚል ነበር። ወደ 90,000 የሚጠጉ የበረራ አስተናጋጆችን የሚወክሉ ማኅበራት፣ ታላላቅ አየር መንገዶችና የምክር ቤት አባላት ተቃወሙ፤ በሰኔ መጀመሪያ ሐሳቡ ተተወ።

ኃላፊው ስለ አውሮፕላኑ ትክክል ነበሩ። አስተናጋጆቹ ግን የሚናገሩት ስለ አውሮፕላን ሳይሆን በጠባብ መተላለፊያ ሰክሮ ከሚጮህ መንገደኛ ጋር ፊት ለፊት ስለሚቆም ሰው ነበር፤ በ2001ዱ ጥቃት ከሞቱት መካከልም የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። መቀስ ከሰንጢ ያላነሰ ሊወጋ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ መቀስ ሲታይ ግን ጨርቅና ወረቀት ይታሰባል፣ ሰንጢ ሲታይ ያቺ ጠዋት ትመጣለች። እንዲህ ያለውን ምላሽ አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። በስለት የተወጋ ወይም የቤተሰብ አባል በስለት ያጣ ሰው፣ በሊቢያና በየመን የስደት መንገድ በአዘዋዋሪ ቢላ የተስፈራራ ሰው፣ በ2015 መኸር በእስራኤል ከተሞች የስለት ጥቃት ማዕበል በየአውቶቡስ ፌርማታው የኖረ ሰው፣ ጓደኛው ብርቱካን ሊልጥ ሰንጢ ሲከፍት ሰውነቱ ከአእምሮው ቀድሞ ይመልሳል። ያንን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ ሰንጢውን መልሶ ኪስ መክተት ግን ይቻላል።

ትምህርት ቤቶች ነገሩን እስከ ጫፍ ወስደውታል። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ምንም ዓይነት ስለት አይታገሥም የሚለው ደንብ ምክንያትን ለመስማት ቦታ አልነበረውም። በ2009 በዴላዌር አንድ የ6 ዓመት ተማሪ ሹካ፣ ማንኪያና ቢላ አንድ ላይ የተያያዙበትን የካምፕ መመገቢያ ለምሳው ይዞ በመምጣቱ ለ45 ቀናት ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲላክ ተወስኖበት ነበር። አገር ሲነጋገርበት የትምህርት ቦርዱ ለትንንሾቹ ልጆች ደንቡን አላላው። ደንቡ ላይ የተነሣው ቁጣ ስለቱን ከሚፈሩት ወገኖችም መጣ፤ ልጁና ምሳው ከፊታቸው ስለነበሩ ሥራው ታይቷቸዋል።

በምዕራብ አውሮፓ ሰንጢ ላይ ያለው ስሜት ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ለማየት የባቡር ጉዞ ይበቃል። በፈረንሳይ ሳቮዋ ጆዜፍ ኦፒኔል በ1890 መሥራት የጀመረው የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ዛሬም በምሳ ጠረጴዛ ላይ አይብና ዳቦ ይቆርጣል። በፈረንሳይ ገጠር የራስን ሰንጢ ከኪስ አውጥቶ መመገብ የቆየ ልማድ ነው፤ ሲጨርሱ ስለቱን በዳቦ ጠርገው ያጥፉታል። ጎብኚዎች ለልጆቻቸው ስጦታ ይገዙታል። የዚህ ሰንጢ ታዋቂው 8 ቁጥር ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ1955 ጀምሮም ስለቱን የሚቆልፍ የብረት ቀለበት ተጨምሮለታል። ያው ሰንጢ የባሕር ሥር ዋሻውን አልፎ ለንደን ሲደርስ በሁለት ምክንያት ከሕግ ጋር ይጋጫል። የ1988ቱ የእንግሊዝ ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው የመቁረጫ ጠርዙ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ በ1993 የሚቆለፍ ሰንጢ ታጣፊ አይባልም ብሎ ወስኗል። ከዚህ የተረፈውን የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት፤ ሥራ፣ ሃይማኖትና ባህላዊ ልብስ ይቆጠራሉ። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች የሚታጠቁት ኪርፓን የተባለ ጩቤና የስኮትላንዳውያን የካልሲ ጩቤ በዚህ ያልፋሉ። «ምናልባት ያስፈልገኛል» ማለት ግን አያሳልፍም።

የእንግሊዝ ሰው ለሰንጢ ያለው ጥርጣሬ ከፈረንሳዩ የሚብሰው በባሕርይ አይደለም። በከተሞቹ ወጣቶች በስለት ሲሞቱ በየሳምንቱ ዜና ይሰማል፣ በየሠፈሩ ቢላ የሚጣልባቸው የብረት ሣጥኖች ተተክለዋል፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በር ላይ መፈተሻ ቆሟል። በመስከረም 2024 በእንግሊዝና በዌልስ «ዞምቢ» የሚባሉትን ለማስፈራራት የተሠሩ ረጃጅም ስለቶች መያዝ ቤት ውስጥ እንኳ ወንጀል ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል አይብ ሊቆርጥ ሰንጢ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው እይታ ለእሱ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለዜናውም ነው።

ዜናውም ሆነ ሕጉ የማይነካው አንድ ዕውነት ግን አለ። በእንግሊዝና በዌልስ የመሣሪያው ዓይነት በታወቀባቸው የስለት ግድያዎች ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚገኘው የወጥ ቤት ቢላ ነው። በየቤቱ አለ፣ ረጅምና ሹል ነው፣ ጠብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ይነሣል። በ2005 የለንደን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ረጅምና ሹል የወጥ ቤት ቢላ እንዲከለከል ጠይቀው ነበር፤ ያነጋገሯቸው 10 ዋና ምግብ አብሳዮች ሹሉ ጫፍ የግድ እንደማያስፈልግ ነግረዋቸዋል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1669 የገበታ ቢላ ጫፍ እንዲደበዝዝ አዝዞ ነበር፤ ዛሬ ቅቤ የሚቀባበት ቢላ ክብ ጫፍ ከዚያ ዘመን ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። የሐኪሞቹን ጥሪ ግን ብዙ ሰው ሳቀበት። ለሰው የወጥ ቤት ቢላ የእናቱ ዕቃ ነው፣ ሽንኩርትና ጎመን ይሸታል፤ አደገኛው ሩቅ ያለ፣ እንግዳ ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ ነው። የስሜቱ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የሚታየውን እንግዳ ነገር በትክክል ይለያል፣ የለመደውን አደጋ ግን አይቆጥርም።

ሰንጢ አዘውትረው የሚይዙ ሰዎች ይህን ሁሉ በልምድ ተምረው ሥርዓት አበጅተዋል። ልባሞቹ ከሰው ፊት የሚያወጡት ትንሹን፣ ቀለሙ ደመቅ ያለውን፣ በሁለት እጅ የሚከፈተውን ነው። ከመክፈታቸው በፊት ምን ሊቆርጡ እንደሆነ ይናገራሉ፣ ቆርጠው ወዲያው ያጥፋሉ፣ ሲያውሱም ስለቱን አጥፈው ወይም እጀታውን አስቀድመው ይሰጣሉ። ሰንጢ እያወሩ መክፈትና መዝጋት፣ ሠርቶ ያልጨረሰን ስለት በእጅ ይዞ መወራጨት ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስጨንቅ ልማድ ነው፤ ሥራ የሌለው ስለት መልስ የሌለው ጥያቄ ነውና። በቢሮዎች ደግሞ የሚደጋገም ነገር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት «ለምን ትይዛለህ?» ያለው ባልደረባ በሦስተኛው ዕቃ ሲደርሰው «ያቺን ነገር እስቲ አውሰኝ» ይላል። ያሳመነው ክርክር አይደለም፤ ካርቶኑ ሲከፈት ማየቱ ነው።

አምራቾቹም ተመልካቹን ማስላት ይዘዋል። የስዊስ ሰንጢ ሠሪው ቪክቶሪኖክስ በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር በካርል ኤልስነር ተመሥርቶ በ1891 ለስዊስ ጦር ማቅረብ የጀመረ፣ በ1897 የመኮንኖች ሰንጢ የተባለውን ያስመዘገበ ኩባንያ ነው። ከመስከረም 2001 በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች ሰንጢ መሸጥ ሲያቆሙና ኩባንያዎች ለሠራተኛ በስጦታ መስጠት ሲፈሩ የሰንጢ ሽያጩ ከ30 በመቶ በላይ ወደቀ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሳያባርር በሰዓት፣ በሻንጣና በሽቶ ተደጋገፈ። በግንቦት 2024 የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅና የኩባንያው ኃላፊ፣ እሱም ካርል ኤልስነር የሚባለው፣ ስለት የሌላቸው የኪስ መገልገያዎች እየተሠሩ መሆኑን ተናገረ። ምክንያቱም በአንዳንድ አገሮች ስለቱ ዕቃውን የጦር መሣሪያ እያስመሰለው መምጣቱና በየአገሩ የሚወጣው ሕግ መጥበቁ ነበር። ብስክሌት ነጂ ካቻቢቴና መፍቻ ይፈልጋል፣ ስለት ግን ላያስፈልገው ይችላል። ወሬው እንደተሰማ ደንበኞች ከያለበት ቅሬታ አነሡ፤ ኩባንያውም ስለት አልባዎቹ ተጨማሪ እንደሆኑና ስለት ያላቸውን ማምረት እንደማያቆም አስታወቀ።